የካይሮፕራክተር ሙያ ትምህርትና ሥልጠና

መምህር ስለ አንድ ሙያ ለተማሪዎቹ ሲገልጽ የሥራውን ስም ብቻ ሳይሆን ወደ ሥራው የሚያደርሰውን የትምህርት መንገድ ጭምር ማስረዳት ይኖርበታል። ካይሮፕራክተር የአከርካሪን፣ የመገጣጠሚያንና የጡንቻን ሕመም በተለይ በእጁ የሚያክም ባለሙያ ነው። ሥራው ላይ ላዩን ሲታይ የአገራችንን ወጌሻ ስለሚያስታውስ በልምድ ብቻ የሚገኝ ጥበብ ሊመስል ይችላል። ሙያው በተጀመረባት በአሜሪካ ያለው ሥርዓት ግን ከዚህ የተለየ ነው።

ሙያውን እ.ኤ.አ. በ1895 በአዮዋ ስቴት፣ በዳቬንፖርት ከተማ የጀመረው ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር ሲሆን፣ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት በ1897 ተከፈተ። የሥራ ፈቃድ ሕግ በማውጣት ካንሳስ በ1913 ቀዳሚ ስትሆን፣ ሉዊዚያና በ1974 የመጨረሻዋ ሆነች። በዚያው ዓመት ትምህርት ቤቶቹን የሚመዝነው የካይሮፕራክቲክ ትምህርት ምክር ቤት በፌዴራሉ መንግሥት ዕውቅና አገኘ። ደረጃው አንድ ወጥ መልክ እስኪይዝ ድረስ ይህን ያህል ዘመን ወስዷል ማለት ነው።

በአሁኑ ጊዜ አመልካቹ በመደበኛው አሠራር በኮሌጅ ቢያንስ 90 የሴሚስተር ክሬዲት፣ ማለትም የሦስት ዓመት ያህል ትምህርት ያጠናቅቃል። ቀጥሎም ቢያንስ 4,200 ሰዓት የሚፈጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የአራት ዓመት የዶክትሬት ትምህርት ይከታተላል። በዚህም አናቶሚን፣ ፊዚዮሎጂን፣ ባዮኬሚስትሪን፣ ፓቶሎጂንና የራጅ ንባብን ይማራል፤ በመጨረሻም በክሊኒክ ውስጥ በመምህራን ቁጥጥር ሥር ሕሙማንን ያክማል። ከዚህ በኋላ አራት ክፍሎች ያሉትን ብሔራዊ ፈተና አልፎ ከሚሠራበት ስቴት ፈቃድ ያገኛል።

ለእጅ ሥራ ይህን ያህል ንድፈ ሐሳብ ለምን አስፈለገ? የጀርባ ሕመም ከጡንቻ መጨማደድ ብቻ የሚመጣ አይደለም። የአጥንት ስብራት፣ ካንሰር ወይም ኢንፌክሽን መነሻው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ አከርካሪውን መጫን ከፍ ያለ ጉዳት ያስከትላል። ስለዚህ ሠልጣኙ እንዴት እንደሚነካ ብቻ ሳይሆን፣ መቼ መንካት እንደሌለበትና መቼ ወደ ሐኪም መላክ እንዳለበት ጭምር ማወቅ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ባወጣው መመሪያም ከ4,200 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 1,000 የሚሆነው ቁጥጥር የሚደረግበት የክሊኒክ ልምምድ እንዲሆን አመልክቷል።

ይህ አሠራር ለእኛም ለመምህራን አሠልጣኞች የሚያስተምረን ነገር አለ። ልምምዱ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ በሰዓት ተቆጥሮ ሰፍሯል፤ ብሔራዊውን ፈተና የሚያዘጋጀውም አካል ከአስተማሪው ኮሌጅ የተለየ ነው። የማስተማር ልምምድ ከዕቅዱ ላይ በስሙ ብቻ ሰፍሮ ሰዓቱና ተቆጣጣሪው ካልተወሰነ፣ የጉድለቱ ዕዳ የሚወድቀው በመጀመሪያው ዓመት ተማሪዎቻችን ላይ ነው።