ስለ ልጆች ተሰጥዎና ስለ አሠልጣኝ ድካም

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ከማንም ይልቅ የሚስማማው ለሯጭ ልጅ ነው። በመንዝ፤ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ዳገቱን ወጥቶ ከእኩዮቹ ኹሉ አስቀድሞ ከትምህርት ቤት የሚደርስ ልጅ አይታጣም። ወላጆቹና ጎረቤቶቹም ይህን ባዩ ጊዜ ደስ ይላቸዋል፤ ወዲያውም ዋንጫውንና ገንዘቡን ያስባሉ። ይኹን እንጂ ከዚህ ልጅ ተነሥቶ በዓለም አደባባይ እስከሚቆም ሰው ድረስ ያለው መንገድ ረዥም ነው። በዚህ መንገድ ልጁን እየመራ የሚያደርሰው አሠልጣኝ የሚሠራውን ሥራ ወላጆች ቢያውቁት ይጠቅማል ብለን ስላሰብን፤ ከዚህ ቀጥሎ ጥቂት እንጽፋለን።

ደጋው የሚሰጠውን ስጦታ ማንም አይክደውም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ የመንዝ ጓሳም ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ባለ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ኾነ፤ በዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ በጥቂት አየር መሥራትን ይለምዳል። ነገር ግን ከፍታ ብቻውን የሚበቃ ቢኾን ኖሮ ደጋ ኹሉ ባለወርቅ በኾነ ነበር። በአርሲ የምትገኘው በቆጂ ከፍታዋ ከደብረ ብርሃን ጋራ ይቀራረባል። በዚያች ትንሽ ከተማ የስፖርት መምህሩ ስንታየሁ እሸቱ ልጆችን እየሰበሰበ በትዕግሥት ስላሠለጠነ፤ ደራርቱ ቱሉ፤ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የመጀመሪያውን ትምህርት ከእርሱ ተቀበሉ። ደራርቱም በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ሩጫ አሸንፋ፤ የኦሊምፒክን ወርቅ ካገኙት ጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዪቱ ኾነች።

ለሸዋ ደጋ ሰው ደግሞ ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን በማይርቀው በመንዲዳ አካባቢ፤ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ካደገም በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ኾነ። በዚያም ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን አገኘው። ኒስካነን የዚህን ወታደር ብርታት አይቶ በብርታቱ ብቻ አልተማመነም፤ እያሠራና ሰዓቱን እየለካ አዘጋጀው እንጂ። በ1952 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ በተደረገው ውድድር አበበ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ፈጸመ። ይህም በዚያን ጊዜ ከነበረው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ስለ ነበረ፤ አሠልጣኙ ምን ዐይነት ሰው ይዞ ወደ ሮም እንደሚሄድ በቍጥር ያውቅ ነበር።

ሮም በደረሱ ጊዜ አዲሱ ጫማ የአበበን እግር አቈሰለው። ባዶ እግሩን መሮጥ ግን የለመደው ስለ ነበረ፤ በዚያው ለመሮጥ ቈረጠ። አሠልጣኙና እርሱ መንገዱን አስቀድመው ተመልክተው፤ በዚያን ጊዜ በሮም ቆሞ ከነበረው ከአክሱም ሐውልት ዘንድ ሲደርስ ፍጥነቱን እንዲጨምር ተስማምተው ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፤ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፤ እንደ ተስማሙት አደረገና በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አንደኛ ኾኖ ገባ። ዕድሜው 28 ዓመት ነበር። ልጃቸው በ16 ዓመቱ ስላልታወቀ የሚጨነቁ ወላጆች ይህን ያስታውሱ።

በአሜሪካም አገር በኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ጆን ውድን የሚባለው አሠልጣኝ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ፤ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1964 እስከ 1975 ባሉት 12 የውድድር ዘመናት 10 ጊዜ የአገሩን ሻምፒዮና አሸነፈ። ከመላው አሜሪካ ተመርጠው የመጡለትን ስመ ጥር ወጣቶች በመጀመሪያ የሚያስተምራቸው የካልሲንና የጫማን አጠላለቅ ነበር። ካልሲ ከተጨማደደ እግር ይላጣል፤ እግሩ የተላጠ ተጫዋችም ይቀመጣል ይል ነበር። የየቀኑን ልምምድ በትንሽ ወረቀት ላይ በደቂቃ ከፋፍሎ ይጽፍ ነበር። ብዙ ኮሌጆች የተሻሙበት ሉ አልሲንዶር፤ በኋላ ከሪም አብዱል ጀባር የተባለው፤ በዚህ ሰው እጅ 3 ሻምፒዮና አግኝቶ፤ ትምህርቱንም ጨርሶ በዲግሪ ከተመረቀ በኋላ ወደ ባለሙያዎቹ ቡድን ገባ።

እንግዲህ አንዱ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ሰው መራ፤ ሁለተኛው ካልሲ ማጥለቅን አስተማረ፤ ኹለቱም ግን ሥራቸውን የጀመሩት የልጁን እግር በማየት ነው። ታላቅ ተሰጥዎ ያለው ልጅ ትንሹን ነገር መናቅ ይወዳል፤ አሠልጣኝም ይህን ንቀት ከልቡ ያወጣለታል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደል ሳይለይ ዳዊት የሚደግም የለም፤ አእምሮው ፈጣን ነው ተብሎም በአንድ ጊዜ ለቅኔ የሚቀመጥ የለም። የሥጋም ትምህርት እንዲሁ ነው።

ስለዚህ እናትና አባት ልጃቸውን ለአሠልጣኝ ሲሰጡ፤ «መቼ ያሸንፋል?» ብለው ከመጠየቅ ይልቅ «ዛሬ ምን ተማረ? ዕረፍትስ አገኘ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። በቤትም ምግቡንና እንቅልፉን ይጠብቁለት። ሴት ልጅ ብትኾን ከውሃ መቅዳትና ከእንጨት ለቀማ የሚተርፍ ጊዜ ይስጧት፤ ዕረፍት የሌላት ልጅ ጕልበቷ በሥራ ያልቃልና። ከኹሉም በላይ ስለ ሩጫ ብለው ልጁን ከትምህርት ቤት አያስወጡት።

የእግር ብርታት በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላልና። አበበ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ዳግመኛ አሸንፎ፤ የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ኾኖ ነበር። ነገር ግን መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በሸኖ አቅራቢያ መኪናው ተገልብጦ እግሮቹ ሽባ ኾኑ። በሚቀጥለው ዓመት ግን በእንግሊዝ አገር፤ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውድድር ተሰለፈ። እስካረፈበት እስከ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ድረስ መሮጥ አልቻለም፤ በሥልጠና ያገኘው ትዕግሥትና ጨዋነት ግን አብሮት ነበረ። ወላጅም ለልጁ አሠልጣኝ ሲመርጥ፤ እግር ከደከመ በኋላ የሚቀረውን ይህን ነገር የሚያስተምር ሰው ይፈልግ።