ለዝዋይ የጀልባ ሽርሽር ከዝናቡ ይልቅ ነፋሱን ማየት ይገባል

ከአቃቂ ቃሊቲ ተነሥቶ በዝዋይ ሐይቅ ላይ ጀልባ ለመከራየት ያሰበ ሰው የጉዞውን ቀን በሠፈሩ ሰማይ ቢቆርጥ ሊሳሳት ይችላል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኘው አቃቂ ደመና ሲያዝልባት፣ በስምጥ ሸለቆ 1 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ላይ የተኛው ሐይቅ ፀሐያማ ሊሆን ይችላል።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ተመራጭ ነው፤ ከየካቲት ጀምሮ የበልግ ዝናብ ጣል ሊያደርግ ይችላል። ዋናው ጉዳይ ግን ነፋስ ነው። ዝዋይ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ በአብዛኛው ከጥቂት ሜትሮች አይበልጥም፤ እንዲህ ባለ ውኃ ላይ ነፋስ ተደራራቢ ሞገድ ለማስነሣት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ነፋሱም አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ፣ ጥርት ያለ የኅዳር ቀን እንኳ ለትንሽ ጀልባ ዋስትና አይሆንም።

ስለዚህ ወደ ትልቁ ደሴት ቱሉ ጉዶ የሚሻገሩ ሰዎች ማለዳ ቢሳፈሩ ይመከራል። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዳማ ፈጣን መንገድ ጉዞውን ቢያቀልም፣ በዋዜማው ባቱ ከተማ ማደር ይሻላል። ደሴቱ ላይ ሳሉ ሞገድ ከተነሣ ደግሞ እስኪበርድ መጠበቅ እንጂ ባለጀልባውን ማጣደፍ አይገባም።