ልክፍት ስልክ ላይ ሲለቀቅ

«ቶክ ቱ ሚ» የተባለውን የአውስትራሊያ አስፈሪ ፊልም ለወልቂጤና ለቡታጅራ ሰው ማስረዳት ብዙ አይከብድም። ሰው በመንፈስ ተይዞ ሲጮኽ፣ ሲለፈልፍ፣ መሬት ላይ ሲንከባለል የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ ሞልተዋል፤ የፊልሙም ነገር ከዚህ ይነሣል።

የአደሌድ ከተማ ጎረምሶች ከክንድ የተቆረጠ አንድ እጅ አላቸው። ሻማ ይለኮሳል። ተራው የደረሰው ልጅ ያን የተቆረጠ እጅ ጨብጦ «አናግረኝ» ሲል የሞተ ሰው ፊት ለፊቱ ይታየዋል፤ እንዲገባበት ከፈቀደለት ደግሞ ይገባበታል። ዓይኑ ይጠቁራል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ገላው ይንቀጠቀጣል። 90 ሰከንድ ሳይሞላ እጁን ማስለቀቅና ሻማውን ማጥፋት ግድ ነው፤ ካለፈ መንፈሱ አልወጣም ሊል ይችላል። ዙሪያውን የተቀመጡት ስልካቸውን ደግነው ይቀርጻሉ፣ ይስቃሉ፣ ቪዲዮውን ለጓደኛ ይልካሉ። እናቷ የሞተችባት ሚያ የምትባል ልጅ፣ የጓደኛዋ ታናሽ ወንድም እጁን ጨብጦ ሳለ በልጁ አፍ የእናቷን ድምፅ የሰማች ይመስላታል። ትንሽ ልስማት ብላ ሰዓቱን ታሳልፋለች። ልጁ ፊቱን ከጠረጴዛው ጋር ማጋጨት ይጀምራል።

ፊልሙን የሠሩት ቀድሞ በዩቲዩብ ቪዲዮዎቻቸው የታወቁት መንትያዎቹ ዳኒና ማይክል ፊሊፑ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 በየአገሩ ሲኒማ ቤት ታይቶ ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ሲናገሩ፣ የሚያውቁት አንድ የሰፈር ልጅ አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ መሬት ላይ ሲንፈራገጥ አብረውት የነበሩት እየሳቁ ይቀርጹት እንደነበር ያነሣሉ። ለእኔ የፊልሙ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የሚያስፈራው የገባው መንፈስ ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ልጅ ወድቆ እየተሠቃየ ከመካከላቸው ስልኩን አስቀምጦ የሚያነሣው መጥፋቱ ነው።

ሰው ሲያዝ ተመልካች መሰብሰቡ በራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ውስጥ የዛር ሥርዓትን ተከታትሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፉም ልክፍት የቲያትር ገጽታ እንዳለው አስረድቷል። ጉራጌ ውስጥ ደግሞ ዊልያም ሻክ የተባለው አሜሪካዊ የኅብረተሰብ አጥኚ «አውሬ» ስለሚባል መንፈስ እ.ኤ.አ. በ1971 አንድ ጽሑፍ አውጥቷል። እንደ ሻክ ገለጻ አውሬ አብዝቶ የሚይዘው ድኻ ወንዶችን ነው። የተያዘው ሰው ምግብ ይዘጋዋል፣ ሆዱን ያመዋል። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ነጭ ኩታ ያለብሰዋል፤ ጭስ ባፈነው ቤት ውስጥ ቅቤ የጠጣ የእንሰት ምግብ ይቀርብለታል። እሱም በእፍኝ በእፍኝ እየዛቀ ይበላል፣ ሰዉ አጠገቡ ሆኖ ይጸልያል። በመጨረሻ መንፈሱ በሰውየው አንደበት «ጠገብሁ» ይላል፤ ያን ጊዜ ይለቀዋል። ሻክ ነገሩን ከረኀብ ጋር አያይዞታል፦ በሰው ፊት ጠግቦ መብላት ነውር በሆነበት አገር፣ ያጣ ሰው ሳያፍር እንዲጠግብ መንፈሱ መንገድ ይከፍትለታል። በዚህ ትርጓሜ ሁሉም ላይስማማ ይችላል። የሥርዓቱ አካሄድ ግን ግልጽ ነው። የተሰበሰበው ሰው ሥራ ነበረው፤ ያበላል፣ ይጸልያል፣ መንፈሱ እስኪለቅ ይጠብቃል። ጠበል ሜዳ ላይም አጥማቂ ካህን አለ፣ በሙስሊሞች ዘንድ ሩቅያ ሲደረግም ቁርኣን የሚቀራ ሰው አለ። የአደሌዶቹ ልጆች ያላቸው ሻማና ስልክ ብቻ ነው፤ ነገሩ ሲበላሽ የሚጠሩት አዋቂ የላቸውም።

ቡታጅራ ሌላም የምታስተምረን ነገር አለ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ በምትገኝበት በያኔው መስቃንና ማረቆ ወረዳ ቤት ለቤት ዞረው 60,820 ሰዎችን መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ውጤት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አሳየ። ይህ በሽታ አንጎል ውስጥ በድንገት ከሚነሣ የተዛባ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመጣ ነው፤ ብዙ ሰው ግን የርኩስ መንፈስ ሥራ አድርጎ ያየዋል። ይተላለፋል ተብሎ ስለሚፈራም የወደቀውን የሚነካው ይጠፋል፤ ምድጃ ላይ ወድቆ የተቃጠለው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ሌላ የቡታጅራ ጥናትም የአካባቢው ሰው ለአካል ሕመም ሐኪም ቤትን፣ ለአእምሮ ሕመም ግን ባህላዊ ሕክምናን እንደሚመርጥ አመልክቷል።

እንግዲህ ስልክ ላይ «ጋኔን ያዘው» ተብሎ የሚለቀቀው ሰው የሚጥል በሽታ ታማሚ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ከፊታችን ቢወድቅ አጥብቀን አንያዘው። እሳትና ድንጋይ ከአጠገቡ እናርቅ፣ ከራሱ ሥር ነጠላ ወይም ጃኬት እናድርግ፣ መንፈራገጡ ጋብ ሲል በጎኑ እናስተኛው። አፉ ውስጥ ማንኪያ መክተት ጥርስ ይሰብራል፤ ክብሪት ለኩሶ ማሽተትም አይረዳውም። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያቆማል። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው ቶሎ ወደ ሆስፒታል ነው።

መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስዱ ከሆነ ከ10 ታማሚ እስከ 7 የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር እንደሚችሉ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ከሚሰጡት አንዱ ፌኖባርቢታል ሲሆን ዋጋውም ርካሽ ነው። ትልቁ አደጋ ጠበል ገባሁ ወይም ሩቅያ ጀመርኩ ብሎ ኪኒኑን በአንድ ጊዜ ማቆም ነው፤ ይህ ከበፊቱ የባሰ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ መውደቅ ሊያመጣ ይችላል። ጸሎቱም ኪኒኑም አብረው ይሄዳሉ።

ስልኩም ቢሆን ሥራ አለው። ሰዓት ይያዝበት። ቤተሰቡ ከፈቀደና ታማሚውን የሚረዳ ሌላ ሰው ካለ ደግሞ አጭር ቪዲዮ መቅረጽ ይጠቅማል፤ ሐኪሙ ሰውየው ሲወድቅ እምብዛም አያየውምና። የትኛው እጅ ቀድሞ እንደተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ወዴት እንደዞረ፣ እስኪነቃ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ከዚያ ቪዲዮ ላይ ማየቱ የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማው ለመወሰን ይረዳዋል።