የቆሼ ክምር የሚጀምረው ከማድ ቤት ነው

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። ቆሼ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ሲቀበል የኖረ፣ 36 ሄክታር ገደማ የሚሸፍን ስፍራ ነው። ከሞቱት ብዙዎቹ በክምሩ ግርጌ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ድሆች ነበሩ። ለመሆኑ ቆሻሻ ለምን ይናዳል?

ከከተማዋ ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው፤ የአትክልት ልጣጭ፣ የምግብ ትራፊ፣ የቡና አተላ፣ የጫት ገረባ። ሁሉም ውኃ ያዘለ ነው። ተከምሮ ሲታፈን፣ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ያብላሉትና ሚቴን ያመነጫሉ። ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። ጥቁሩ ፍሳሽም መውጫ ሲያጣ ክምሩ ውስጥ ይጠራቀምና ንብርብሩ የተያያዘበትን ጉልበት ያላላዋል። ቁልቁለቱ ሲበዛ ክብደቱ ያሸንፋል።

ከአደጋው በኋላ በጃፓን መንግሥትና በዩኤን ሃቢታት ድጋፍ የፉኩኦካ ዘዴ ቆሼ ላይ ተሞከረ። የተበሳሱ ቱቦዎች ፍሳሹን ያስወጣሉ፤ በዚያው መንገድ አየር ይገባል፤ ሚቴኑም ይቀንሳል። መልካም ሥራ ነው፤ ግን የሚያክመው የተከመረውን ነው።

ማቃጠልም ተሞክሯል፤ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው ቆሼ አጠገብ የተመረቀው የረጲ የኃይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታቀደ ነበር። እርጥብ ቆሻሻ ግን እሳትን ያደክማል፤ ሙቀቱ አስቀድሞ ውኃውን በማትነን ያልቃል። ወደ ሌላ ቦታ መውሰድም አላዋጣም፤ በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የሰንዳፋ ማስወገጃ በገበሬዎች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ተዘግቶ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመልሷል።

ብረቱንና ጠርሙሱን ቁራሌው ከየደጃፉ ይገዛዋል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደግሞ አሮጌው ቆርቆሮ ምድጃና ማንቆርቆሪያ ሆኖ ይወጣል። ስለ ክብ ኢኮኖሚ ስናወራ እነዚህን ባለሙያዎች መዘንጋት ነውር ነው። ፌስታልን የሚከለክል አዋጅም በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። ባለቤት ያጣው እርጥቡ ነው፤ ለብቻው ቢሰበሰብ አየር እያገኘ በወራት ውስጥ ኮምፖስት ይሆናል።

የቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት ሲከፈላቸው የኖረው ባመጡት መጠን ነው። በዚህ አሠራር መለየት ትርፉ ድካም ብቻ ነው። ኮልፌ ቀራኒዮ ሙታኑን የቀበረ ክፍለ ከተማ ነውና፣ አስተዳደሩ ለይቶ ላመጣ ማኅበር የተሻለ ክፍያ እንዲታሰብ ከተማውን አጥብቆ ይጠይቅ። ከውኃ ሂሳባችን ጋር የጽዳት ክፍያ የምንከፍል ነዋሪዎችም እርጥቡን ከደረቁ ለይተን እናስረክብ።