ሳይሞቅ የሚጠፋ ሞተር፦ አጭር የዕለት ጉዞ በስፖርት መኪና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

የመኪና ድካም ብዙውን ጊዜ የሚለካው በተጓዘው ኪሎ ሜትር ነው፤ በሽያጭ ማስታወቂያዎች ላይም «ብዙ ያልተነዳ» የሚለው ቃል እንደ ጤንነት ማረጋገጫ ሲቀርብ ይታያል። ይህ መለኪያ ረዥም መንገድ ለሚጓዝ መኪና ከሞላ ጎደል የሚያገለግል ቢሆንም፣ ከባለቤቱ ቤት ሦስት ወይም አራት ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኝ የሥራ ቦታ በየቀኑ ለሚመላለስ መኪና ግን አሳሳች ነው፤ እንዲህ ያለው መኪና በዓመት የሚሄደው መንገድ ጥቂት ይሁን እንጂ፣ ሞተሩ በቀን ሁለት ጊዜና ከዚያም በላይ ቀዝቅዞ እያለ ይነሣል፣ የሥራ ሙቀቱን ሳያገኝም ይጠፋል። ጉዳቱ ቤንዚን የሚጠቀም መኪናን ሁሉ የሚነካ ሲሆን በስፖርት መኪና ላይ ግን ይበረታል፤ የስፖርት መኪና ሞተሩም፣ ዘይቱም፣ ፍሬኑና ጎማውም ከፍተኛ ጉልበትንና ሙቀትን ታሳቢ አድርገው የተሠሩ ናቸውና።

የውሃው ሙቀትና የዘይቱ ሙቀት

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ በሞተር ውስጥ ያሉትን ሁለት ሙቀቶች መለየት ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ የሚታየው የሙቀት ቀስት የሚያመለክተው ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ ሲሆን፣ ቴርሞስታት የሚባለው መቆጣጠሪያ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ስለሚዘጋበት፣ ውሃው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወደ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። የሞተር ዘይት ግን ከውሃው ወደ ኋላ ይቀራል፤ የሥራ ሙቀቱን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ፣ በብርድ ወራት ደግሞ ከዚያ የበለጠ ይፈልጋል። ስለዚህ ቀስቱ መሐል ላይ መቆሙ ሞተሩ በሙሉ መሞቁን አያረጋግጥም፤ አራት ኪሎ ሜትር ሄዶ የቆመ መኪና ውሃው ሞቆ ዘይቱ ግን ገና ሳይሞቅ የጠፋ ሊሆን ይችላል።

በስፖርት መኪና ይህ ልዩነት ይሰፋል። ተራ ትንሽ መኪና 4 ሊትር ገደማ ዘይት የሚይዝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ለሕዝብ የታየውና እስከ 1998 ድረስ ያለ ውሃ፣ በአየርና በዘይት ብቻ እየቀዘቀዘ የተሠራው ፖርሽ 911 ግን በኋለኞቹ ዓመታት ከ10 ሊትር በላይ ዘይት ይይዝ ነበር። ይህ ሁሉ ዘይት በውድድር ሜዳም ሆነ ፍጥነት ባልተገደበባቸው የጀርመን አውራ ጎዳናዎች ላይ የሞተሩን ሙቀት ለመሸከም የታሰበ ነው፤ በአጭር መንገድ ላይ ግን ይኸው ጥቅም ወደ ጉዳት ይለወጣል፣ ብዛት ያለውን ዘይት ለማሞቅ ብዙ ጊዜ ያስፈልጋልና።

የዘይቱ ዓይነትም የራሱ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የተሠራውና ሞተሩ በደቂቃ እስከ 8,000 ዙር ገደማ የሚሽከረከረው ቢኤምደብሊው ኤም3 እንዲጠቀም የታዘዘለት ዘይት «10 ደብሊው 60» የሚባለው ነው፤ ከ«ደብሊው» በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚፈስ የሚያሳይ ሲሆን፣ ከኋላ ያለው ደግሞ በ100 ዲግሪ ሙቀት ምን ያህል ውፍረቱን እንደሚጠብቅ ያመለክታል። ለከፍተኛ ሙቀት የተመረጠ እንዲህ ያለ ወፍራም ዘይት በማለዳ ብርድ ይበልጥ ስለሚወፍር፣ በጠባብ ቀዳዳዎች እየተሹለከለከ ወደ ብሮንዚናዎቹ፣ ማለትም የሞተሩ ዘንጎች ወደሚሽከረከሩባቸው ማረፊያዎች፣ ለመድረስ ይዘገያል። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ በዚያው መኪና ላይ፣ የሞተሩን ዙር በሚያሳየው ሰሌዳ ጠርዝ፣ ትናንሽ መብራቶችን ደርድሯል፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ መብራቶቹ በርተው ነጂው ዙሩን ዝቅ አድርጎ እንዲነዳ ያሳስባሉ፣ ዘይቱ እየሞቀ ሲሄድም በየተራ ይጠፋሉ። ሥራ ቦታው ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ የሆነ ሰው መብራቶቹ ሁሉ ሲጠፉ ለማየት ሳይታደል ከመኪናው ይወርዳል።

በዚህ ላይ የብረታ ብረቱ ጠባይ ይጨመራል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ፣ መሐንዲሶች በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል የሚተዉትን ክፍተት የሚወስኑት ሁለቱም ሞቀው በሚኖራቸው መጠን ነው፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክፍተቱ ከታሰበው የተለየ ስለሚሆን በዚያ ጊዜ የሚፈጸመው መፋተግ ከሞቀ ሞተር መፋተግ ይበልጣል። ረዥም መንገድ የሚሄድ መኪና ይህን አስቸጋሪ ጊዜ በጉዞው መጀመሪያ ብቻ አልፎት ሲሄድ፣ አጭር መንገድ የሚመላለሰው ግን ዕድሜውን በሙሉ እዚያው ውስጥ ያሳልፋል።

ዘይት ውስጥ የሚገባው ውሃና ቤንዚን

ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራል፤ በነዳጁ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስለሚዋሐድ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ አንድ ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። የእንፋሎቱ አብዛኛው ክፍል በጭስ ማውጫ በኩል ሲወገድ፣ ጥቂቱ በፒስተኑ ቀለበቶች ሾልኮ ዘይቱ ወደሚጠራቀምበት ክፍል ይወርዳል። ሞተሩ በሚገባ የሞቀ እንደሆነ ይህ እንፋሎት ተመልሶ ይተናል፤ ካልሞቀ ግን በቀዝቃዛው ብረት ላይ ወደ ጠብታነት ተለውጦ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፣ በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚታየውን ወተት የመሰለ ቢጫ ዝቃጭም ይፈጥራል። ውሃው ከቃጠሎው ከሚመጡ ጋዞች ጋር ሲገናኝ ደግሞ አሲድ ስለሚሆን፣ ዘይቱ ብረቱን ከዝገት ለመከላከል የተጨመሩለት ኬሚካሎች ከጊዜያቸው በፊት ያልቃሉ።

ከውሃው የባሰ ጉዳት የሚያመጣው ግን ሳይነድ የሚቀረው ቤንዚን ነው። ሞቅ ያለ የቤንዚን ሞተር ለአንድ ኪሎ ግራም ነዳጅ 14.7 ኪሎ ግራም ገደማ አየር ይቀላቅላል፤ በብርድ ጊዜ ግን ነዳጁ በደንብ ስለማይተን፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ከተለመደው የበለጠ ቤንዚን እንዲረጭ ያዛል። ትርፉ ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ቀጭን የዘይት ሽፋን ያጥበዋል፣ ከዚያም ወደ ታች ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ የቀጠነ ዘይትም ብረት ከብረት እንዳይነካካ የመለየት ኃይሉ ይቀንሳል። ይህ ሁኔታ ባለቤቱን በቀላሉ ሊያታልል ይችላል፤ የዘይቱ መጠን በመለኪያው ዘንግ ላይ ሲታይ አልቀነሰም፣ አንዳንዴም ጨምሯል፣ ይህም የሆነው የጎደለውን ዘይት ቤንዚንና ውሃ ስለተኩት ነው። እንዲህ ያለ መኪና ድንገት ረዥም መንገድ ሲወጣ ሁለቱም ተንነው ስለሚወጡ፣ ሞላ ያለ የመሰለው ዘይት በአንድ ጉዞ ጎድሎ ይገኛል።

አጭር ጉዞን ፈጽሞ የማይታገሥ የስፖርት መኪና ቢጠቀስ ማዝዳ አርኤክስ 8 ከፊተኞቹ ይሰለፋል። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2012 የተሠራው ይህ መኪና በጀርመናዊው ፌሊክስ ዋንክል ስም የሚጠራውን ሞተር የሚጠቀም ሲሆን፣ በዚህ ሞተር ውስጥ በፒስተን ፋንታ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው ብረት እየዞረ ነዳጁን ያምቃል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ተነሥቶ፣ ለምሳሌ መኪናውን ከበር ወደ ግቢ ለማስገባት ብቻ ሠርቶ ቢጠፋ፣ በውስጡ የቀረው ቤንዚን ካንዴላዎቹን ያርሳል፣ በማዕዘኖቹ ላይ ያሉት ማሸጊያዎች የሚያስፈልጋቸውን ዘይትም ያጥባል፤ ዘይት ያጣው ማሸጊያ አየር ስለሚያሳልፍ እመቃው ይወድቅና መኪናው በሚቀጥለው ጊዜ አልነሣ ይላል። ለዚህ ሞተር ዋናው ጥንቃቄ፣ አንዴ ከተነሣ እስኪሞቅ ድረስ አለማጥፋት ነው።

በቫልቭ፣ በጭስ ማውጫና በባትሪ ላይ

ዘመናዊ የስፖርት ሞተሮች ብዙዎቹ ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይረጫሉ፤ ይህ አሠራር ጉልበት የሚጨምር ቢሆንም፣ ቀድሞ በአየር ማስገቢያው ቫልቭ ላይ እያለፈ ያጥበው የነበረው ነዳጅ ስለቀረ፣ ከዘይት ክፍሉ ተመልሶ የሚመጣው እንፋሎት በቫልቩ ላይ ጥቁር ካርቦን ይጋግራል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የወጣውና ሞተሩ ከ8,000 ዙር በላይ የሚሄደው ኦዲ አርኤስ 4 ስሙ ከዚህ ችግር ጋር ደጋግሞ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረቡት መንትዮቹ ቶዮታ 86 እና ሱባሩ ቢአርዜድ በበኩላቸው ነዳጁን በሁለቱም መንገድ የሚረጭ ሥርዓት ስላላቸው ቫልቮቻቸው መታጠባቸው አልቀረም። ካርቦኑ በማንኛውም አነዳድ ሊጠራቀም የሚችል ሲሆን፣ ዘወትር ቀዝቅዞ የሚሠራ ሞተር ግን ያባብሰዋል።

ወደ ጭስ ማውጫው ሲታለፍ፣ መርዛማ ጋዞችን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ሥራውን የሚጀምረው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ስለሆነ፣ የአጭር ጉዞ ብዙው ብክለት የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። በማርሚታው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃም ሳይተን ስለሚያድር ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል።

ባትሪው ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚያማርር አካል ነው። ሞተሪኖው ሞተሩን ለማስነሣት ብዙ ኤሌክትሪክ ይወስዳል፤ ይህን መልሶ ለመሙላት ጥቂት ደቂቃዎች ስለማይበቁ፣ በተለይም መብራቱና ማሞቂያው አብረው ሲሠሩ፣ ባትሪው በየቀኑ ከሚሞላው የበለጠ ይሰጣል። ሳይሞላ የሚያድር የእርሳስ ባትሪ በሰሌዳዎቹ ላይ ጠንካራ የሰልፌት ቅርፊት ስለሚይዝ፣ ኋላ ቢሞላም የቀድሞ አቅሙን አያገኝም። ከሞተሩ ውጭም ቢሆን፣ ለፍጥነት የተሠራ የፍሬን ሸራ ሳይሞቅ በደንብ የማይዝ ሲሆን፣ የበጋ የስፖርት ጎማ ደግሞ ከ7 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ መንገዱን የመጨበጥ ኃይሉን ያጣል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

የመጀመሪያው መፍትሔ የጥገናን መለኪያ ከኪሎ ሜትር ወደ ጊዜ መለወጥ ነው። የሆንዳ መመሪያ መጻሕፍት አንድ ጉዞ ከ8 ኪሎ ሜትር፣ ውሃ በረዶ በሚሆንበት ብርድ ደግሞ ከ16 ኪሎ ሜትር በታች ሲሆን አጠቃቀሙን ከከባድ አጠቃቀም ይመድቡታል፤ ይህም ማለት አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ከባድ ሥራ እንደሚሠራ መኪና ዘይቱ ቶሎ ቶሎ ሊቀየርለት ይገባል ማለት ነው። ዘይቱ ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድም፣ በዓመት ሁለት ጊዜ መቀየሩ ለእንዲህ ያለ መኪና ብክነት አይደለም።

ሁለተኛው አነዳዱን ማስተካከል ነው። ብዙዎች ሞተሩን አቁመው በማሞቅ የሚጠነቀቁ ይመስላቸዋል፤ ይሁንና ቆሞ የሚሠራ ሞተር ሙቀት የሚያመነጨው በዝግታ ስለሆነ፣ ከላይ የተጠቀሰው ቤንዚን የበዛበት ጊዜ እንዲረዝም ያደርጋል። የሚሻለው ሞተሩ ተነሥቶ ዘይቱ እንደተዳረሰ፣ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ጉዞ ጀምሮ፣ ዘይቱ እስኪሞቅ ድረስ ዙሩን ከ3,000 ሳያሳልፉ፣ ነዳጁንም ጠልቀው ሳይረግጡ በለዘበ መንገድ መንዳት ነው። ከዚህም ጋር ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ መንገድ መሄድ በዘይቱ ውስጥ ያለውን ውሃና ቤንዚን ያስወጣል፣ ማርሚታውን ያደርቃል፣ ባትሪውንም ይሞላል። ለረዥም ጊዜ በሚቆም መኪና ላይ ባትሪውን በቀስታ የሚሞላ መሣሪያ መሰካትም ዋጋው ከአዲስ ባትሪ ያነሰ ጥንቃቄ ነው።

የችግሩ ክብደት እንደየአገሩ ይለያያል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሚኒሶታ የክረምት ብርድ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ስለሚወርድ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ከመሞቅ የራቀ ነው። አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ብርድ ባይኖርባትም፣ አጭሩ መንገድ በትራፊክ መጨናነቅ ይረዝማልና ሞተሩ በኪሎ ሜትር የማይታይ ብዙ ሰዓት ይሠራል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የስፖርት መኪና ያላቸውን ጥቂቶች ብቻ ሳይሆን፣ ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመለሰውን ቪትዝና ኮሮላም ይመለከታል።

በመጨረሻ፣ እጅግ አጭር መንገድ ለስፖርት መኪና የማይስማማ ሥራ መሆኑን መቀበል ጠቃሚ ነው። የቤንዚን መኪና ወደ አገሯ እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. የወሰነችው ኢትዮጵያ እየለመደችው ያለው የኤሌክትሪክ መኪና የሚቃጠል ነዳጅም ሆነ የሚቀጥን የሞተር ዘይት ስለሌለው፣ ለእንዲህ ያለው መመላለስ በተፈጥሮው ይስማማል፤ እግርና ብስክሌትም እንዲሁ። የስፖርት መኪና ያለው ሰው አጭሩን መንገድ ለእነዚህ ትቶ መኪናውን ለረዥሙ ቢያውል፣ ያ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ሞተሩን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በተነሣባቸው ቀዝቃዛ ማለዳዎች ብዛት ቢንከባከበው፣ ገንዘብ የወጣበትና ድንቅ የምሕንድስና ጥበብ ያረፈበት ማሽን ያለ ጊዜው አያረጅበትም።