የትኞቹ ዐሥርቱ ትእዛዛት?

በአሜሪካዋ ሉዊዚያና እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 አንድ ሕግ ጸደቀ። በመንግሥት ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች በእያንዳንዱ ክፍል ዐሥርቱ ትእዛዛት እንዲሰቀሉ ያዛል። ወረቀቱ ቢያንስ 11 በ14 ኢንች፣ ፊደሉም ጎላ ያለ መሆን አለበት። የሚጻፈው ቃል ሳይቀር በሕጉ ውስጥ ተቀምጧል።

ብዙ አማኝ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምን ክፋት አለው? አትግደል፣ አትስረቅ ማለት ነውር ነው?» ይላል። ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ስለሆነ በቅጡ መመለስ አለበት።

እስቲ ሕጉ ያዘዘውን ጽሑፍ በሰንበት ትምህርት ቤት ከተማርነው ጋር እናስተያይ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዐሥረኛው ትእዛዝ «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለው ነው። በሉዊዚያናው ወረቀት ላይ ይህ ቃል የለም፤ የሚዘጋው የባልንጀራን ቤት፣ ሚስትና ከብት አለመመኘትን በሚያዝዘው ቃል ነው። የተቀረጸ ምስልን የሚከለክለውን አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች ሁለተኛ ትእዛዝ ብለው ለብቻው ሲቆጥሩት፣ ካቶሊኮች ከመጀመሪያው ጋር ያጠቃልሉታል። አይሁድ ከግብፅ መውጣትን የሚያነሣውን ቃል የመጀመሪያው ያደርጉታል፤ ወረቀቱ ግን ግብፅን ጭራሽ አይጠቅስም።

ስለዚህ መንግሥት ወረቀቱን ሲሰቅል ከአማኞች መካከል የአንዱን አቆጣጠር መርጦ የሌላውን ትቷል። ስለ ሙስሊሙ፣ ስለ ሂንዱው፣ ሃይማኖት ስለሌለው ልጅ ገና ምንም ሳንል ማለት ነው። ለእኔ የክርክሩ ዋና ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ የትኛው የእምነት ቃል ትክክል እንደሆነ የመወሰን ሥልጣን ለምክር ቤት አባላት መሰጠት የለበትም።

እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ ስለ ሃይማኖት ሁለት ነገር ይከለክላል፦ መንግሥት ሃይማኖት እንዳያቋቁም፣ ሰውም እምነቱን በነጻነት እንዳይፈጽም እንዳያግድ። ቶማስ ጄፈርሰን በ1802 ቤተ ክርስቲያንንና መንግሥትን ስለሚለየው ግንብ የጻፈው በኮኔቲከት በቁጥር አናሳ ለነበሩ ባፕቲስቶች ነው። ደብዳቤ ጽፈው ሥጋታቸውን የገለጹለት እነርሱ፣ አማኞቹ ነበሩ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1962 መንግሥት ያዘጋጀውን የትምህርት ቤት ጸሎት፣ በ1963 ደግሞ በትምህርት ቤት የሚመራ የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብን ከለከለ። በ1980 የሉዊዚያናን የሚመስል የኬንታኪ ሕግ ቀረበለት። ወረቀቶቹ የሚገዙት በበጎ ፈቃደኞች መዋጮ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ሕጉን ሻረው። ገንዘቡ ከየትም ይምጣ፣ ሰቃዩ መንግሥት ነው፤ ተማሪውም ሕግ አስገድዶት የተቀመጠ ልጅ ነው።

በ2022 ግን ፍርድ ቤቱ አንድ የአሜሪካ ፉትቦል አሠልጣኝ ከጨዋታ በኋላ ሜዳ ላይ ለመጸለይ ያቀረበውን ክስ ሲደግፍ የኬንታኪውን ሕግ የሻረበትን መመዘኛ ትቶ ታሪክንና ልማድን መመልከት ጀመረ። የሉዊዚያናም ሆነ በ2025 ተመሳሳይ ሕግ ያወጣችው የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች ይህን እንደ ተከፈተ በር ቆጠሩት። የሉዊዚያናውን ሕግ በኅዳር 2024 አንድ የፌዴራል ዳኛ አገዱት፤ በሰኔ 2025 ሦስት የይግባኝ ዳኞች እገዳውን አጸኑት፤ ከዚያም የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን በሙሉ ዳኞቹ እንደገና ሊያየው ወሰነ።

በአሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች አንድ ነገር አትሳቱ፦ ይህ ሁሉ ገደብ የተጣለው በመንግሥት ላይ ነው። ልጃችሁ ማዕተብ ማሰር፣ ሒጃብ መልበስ፣ በምሳ ሰዓት መጾም፣ ከጓደኞቹ ጋር መጸለይ ይችላል። መምህሩም ስለ ሃይማኖቶች እንደ ታሪክና እንደ ሥነ ጽሑፍ ማስተማር ይችላል። ትምህርት ቤቱ ልጃችሁን ማዕተቡን ፍታ ወይም ሒጃብሽን አውልቂ ካለ ዝም አትበሉ፤ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።