የጄኔሬተሩ ጥቀርሻ የት ይሄዳል?

ቤይሩት ሰው ቤት ስሠራ የምተኛው ባልኮኒ ላይ በተሠራች ጠባብ ክፍል ነበር። ከሥሬ የሕንፃው ጄኔሬተር አለ። መብራት ሲጠፋ ይነሳል፤ ጠዋት ወለሉም የልብስ ማስጫ ገመዱም ጥቁር አቧራ ለብሶ አገኘዋለሁ። ራሴን ያመኛል፣ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ለመዳም ስነግራት «ፊልተር ተገጥሞለታል፣ አታስቢ» አለችኝ። ፊልተር ምን እንደሆነ ስለማላውቅ ዝም አልኩ። ያኔ ማወቅ የነበረብኝን ዛሬ ልንገራችሁ።

ፊልተሩ እንዴት ይሠራል?

ናፍጣ ሞተር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ስለማይቃጠል ጥቀርሻ ይፈጠራል። አገር ቤት የማጀቱን ጣሪያ የሚያጠቁረው ዓይነት ነው፤ ግን በጣም ደቃቅ ስለሆነ ሳንባ ድረስ ይገባል። ፊልተሩ ጭስ ማውጫው ላይ የሚገጠም፣ እንደ ማር እንጀራ በቀዳዳ የተሞላ ዕቃ ነው። ጭሱ በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ሾልኮ ሲያልፍ ጥቀርሻው እዚያው ይቀራል።

ማጥለያ ደግሞ ይሞላል። ካልጸዳ ሞተሩ ይታፈናል። ስለዚህ ጥቀርሻው እዚያው ፊልተሩ ውስጥ መቃጠል አለበት። በራሱ እንዲቃጠል 600 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል፤ የጄኔሬተር ጭስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚህ በታች ነው። መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ እንደ ፕላቲኒየም ያለ ማዕድን በመቀባት ጥቀርሻው በአነስተኛ ሙቀት ቀስ እያለ እንዲቃጠል ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ ተጨማሪ ናፍጣ በመርጨት ወይም በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሙቀቱን ከፍ ማድረግ ነው።

ፊልተር አለ ማለት ችግር የለም ማለት ነው?

አይደለም። ጄኔሬተሩ ጥቂት ቤት ብቻ ሲያበራ ጭሱ በደንብ አይሞቅም፤ ጥቀርሻው ሳይቃጠል ይከማቻል። ከተቃጠለም በኋላ አመድ ስለሚቀር ፊልተሩን ባለሙያ ማጽዳት አለበት። ከሁሉም በላይ ፊልተር የሚይዘው ጥቀርሻ እንጂ ጋዝ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ተኝታችሁ ሊገድላችሁ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ አሳውቋል።

ምን እናድርግ?

• ጄኔሬተሩ ሲነሳ በእሱ በኩል ያለውን መስኮት ዝጉ፤ ልብስም በዚያ በኩል አታስጡ።
• ጥቀርሻውን በደረቁ አትጥረጉ፣ ይቦናል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ ጓንትና ማስክ ካለ አድርጉ።
• ጥቀርሻው በሚቃጠልበት ሰዓት ጭስ ማውጫው እጅግ ይግላል። አትንኩት፣ ውኃ አትርጩበት፣ ፕላስቲክም አታስጠጉበት።
• ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከመጣባችሁ ቶሎ ንጹሕ አየር ወዳለበት ውጡ፤ ቤት ውስጥ ያሉትንም አስወጡ። ሊባኖስ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 140 ነው።
• ለመዳም እንዲህ በሏት፦ «ፊ ሪሐት ማዞት ቢኡድቲ፣ ራሲ ዓም ዩጀዕኒ።» ክፍሌ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፣ ራሴን ያመኛል ማለት ነው።

ሌላ መኝታ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ሊባኖስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የቤት ሠራተኞች የሥራ ውል ክብራችሁን የጠበቀ መኖሪያ አሠሪው እንዲሰጣችሁ ያዛል። በመጀመሪያ ራስ ምታቱ የሚመጣባችሁን ቀንና ሰዓት ስልካችሁ ላይ ጻፉ፤ ጥቁሩን ወለልም ፎቶ አንሱ።

እኔ አፍ አውጥቼ እስክጠይቅ ወራት ፈጅቶብኛል። በመጨረሻ ሳሎን ፍራሽ ዘርግቼ መተኛት ጀመርኩ፤ የጠዋቱ ራስ ምታትም ተወኝ። እናንተ ያን ያህል አትጠብቁ።